ከጭዱ ሥር የነበረው ጠጠር

ይድረስ ለልጄ ለይርጋ፤

ይህን የሚጽፍልህ አባትህ አያሌው ነው፤ በደብረ ታቦር ዙሪያ ገባ አቻ ያልተገኘለት የማታ ተማሪ፣ ፊደልን ከነሠራዊቱ በሦስት ወር ማርኮ ያስገበረ፣ መምህርቷ «ከእንግዲህ ለእርስዎ የማስተምረው የለኝም» ብላ እጇን ያነሳችለት። እሺ፣ ሦስት ወር አይደለም፤ ዓመት አልፎታል። መምህርቷም እጇን ያነሳችው ጠመኔ ልትወረውርብኝ ይመስለኛል፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ ክፍሉን ሳስቅባት ነበር። ከሠራዊቱም «ኰ» እና «ጓ» ገና እጃቸውን አልሰጡም። ቢሆንም ይኸው እጽፋለሁ። እጄን ማንም አልያዘልኝም፤ መስመር የለቀቀው ሁሉ የእኔው ነው።

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብላ አስተምራናለች። ለሞተ ሰው ሲሆንስ ብዬ ብጠይቃት ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። የእኔ ጤና ደህና ነው፤ እንዲያውም አለቅጥ ደህና ነው። ያንተን ዕድሜ የወረስኩ ይመስል ጥርሴን እንኳ አላመመኝም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። እናትህ ጥቁሯን አላወለቀችም፤ ጎረቤቶች ለምነው ለምነው ተዋት። የዘንድሮን ገብስ ዋግ መታው። ቀዩ በሬ አርጅቶ ጥማድ ፈረሰ፤ የመኩሪያን በሬ እያቀናጀሁ ነው የማርስ። መኩሪያም እንደምታውቀው በሬውን ሲያውሰኝ ምላሱን ጨምሮ ነው። በእብናት ቆላ የግሪሳ ወፉ ዘንድሮም ማሽላውን ወርሮታል ይላሉ። አውሮፕላን ግን ወደኛ ሜዳ አልተመለሰም።

ሣጥንህ ከአልጋው ሥር ነው። ከባልደረቦችህ አንዱ በሚኒባስ እዚህ ድረስ ይዞት መጣ። ሞረድህ፣ አጉሊ መነጽርህ፣ ያ ግራሶ የነካው ቱታህ፣ ከሁሉም በላይ ሰማያዊው ደብተርህ። እናትህ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ባገኘችው ተማሪ ሁሉ ፊት ትቆም ነበር፤ «የልጄን ቃል አንብብልኝ» እያለች። እኔ ነኝ የከለከልኳት። «የልጄን ቃል የሰው አፍ አይነካውም፤ ራሴ ተምሬ አነብልሻለሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ። መኩሪያ ብቻ «ጺሙ ሸብቶ ሀሁ! እንግዲህ አያሌው ድቁና ሊቀበል ነው፤ ሚስትህንስ ለማን ትተዋት ነው?» አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳቀ። እናትህ እንኳ ፈገግ አለች። ከሞትክ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ፍቅር መስሏቸው ነው፣ ይርጋ። ፍርሃት ነበር። በደብተሩ ውስጥ ስለ ጠጠሩ የጻፍከው ነገር ካለ፣ ከእናትህ ጆሮ በፊት ወደ እኔ ዓይን እንዲደርስ ፈልጌ ነው። አባትህ ፊደል የቆጠረው ምስጢሩን ሊጠብቅ ነው። ይህን ለመምህርቷ አልነገርኳትም፤ ለቄሳችንም አልነገርኳቸውም።

አንተ የማታውቀው የነገሩ መጀመሪያ እንዲህ ነው። የግሪሳ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን በኛ የግጦሽ ሜዳ ሊያርፍ ነው፣ መካኒኩም የአያሌው ልጅ ነው የተባለ ዕለት፣ እኔ መሬት መርገጥ ተውኩ። ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያላስቆምኩት ሰው የለም። «ጋፋት እኮ ነው! መድፍ ከተሠራበት አፈር ያደገ ልጅ ነው፤ ብረት የማያውቅ ማን ሊያውቅ ነው?» እያልኩ። ሜዳው በዚያ ሰሞን ዝናቡ ገና ስላልለቀቀው ጭቃ ነበር። እንግዳ ጭቃ ላይ ይቆማል ወይ? የሠርግ ዳስ ቢሆን እንኳ ወለሉ ይደለደላል። እኔም ደቦ ጠራሁ። የመንገድ ሠራተኞች ትተውት የሄዱትን የተፈጨ ጠጠር የሦስት ቀበሌ ሰው በአህያና በማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ቀን አጋዘው። አውሮፕላኑ በሚቆምበትና መንደርደር በሚጀምርበት ዳር ላይ አሳምረን አነጠፍነው። መኩሪያ እንኳ ወገቡን ይዞ «ለእኔ ሠርግ እንዲህ አልተነጠፈም» አለ። ጠላውን የጠመቀችው እናትህ ናት።

ስትመጡ ሰማዩ ተንቀጠቀጠ። ቢጫው አውሮፕላን ወርዶ ጠጠራችን ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ካፒቴኑ፣ ያ ቀጭኑ አብራሪ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ ለሁሉም እጅ ነሳ። አንተ ግን ዕቃችሁን ከጫነው መኪና ወርደህ እኔን ከመሳምህ በፊት መሬቱን አየህ። ፊትህ ጠቆረ። እኔ ደግሞ የት አየሁት? ሕዝቡ እያየኝ ወደ ፕሮፔለሩ፣ አፍንጫው ላይ ወዳለው መዘውር፣ ሄድኩና በፈረስ አንገት ልክ ቸብ ላደርገው እጄን ዘረጋሁ። እጄን መታኸው። የአባትህን እጅ፣ በሦስት ቀበሌ ሰው ፊት! መኩሪያ «ኧረ ልጁ መታው! አያሌውን ልጁ መታው!» ብሎ ሜዳውን አናጋው። አንተ ጆሮዬ ሥር ሆነህ «አባባ ይቅር ይበሉኝ። የቆመ ፕሮፔለር የተኛ ውሻ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሳያስቡት ሊዞር ይችላል። ማንም አይነካውም፤ ከጎኑም በመስመሩ ትይዩ አይቆምም» አልከኝ። እኔም ዘወር ብዬ ለሕዝቡ «ዝንብ ነበረችብኝ!» አልኩ። ሰው አመነኝ። ውሸት ሲቀናኝ እንዲህ ነው።

ያን ዕለት ማታ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታስረዳኝ፣ እኔ ማይም ነኝና በማውቀው ነገር ሁሉ መነዘርክልኝ። ምላጩ፣ እናንተ ብሌድ የምትሉት፣ እንደ ላይዳ ነው አልክ፤ በላይዳ የተወቃ እህል ነፋስ ላይ እንደሚዘራ አየሩን ወደ ኋላ ይዝቀዋል፣ አየሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ይገፋል። ለምን ተጠማዘዘ፣ ማን ቆልምሞት ነው ብዬ ብጠይቅህ አውድማ አስታወስከኝ። በሬዎች ተቆራኝተው እህል ሲያበራዩ ውስጠኛው በሬ ቆሞ የሚዞር ይመስላል፣ ውጨኛው ይሮጣል። የምላጩም ሥር እንደ ውስጠኛው በሬ ቀስ ይላል፣ ጫፉ ይከንፋል። ስለዚህ ቀስ የሚለው በሰፊው እንዲዝቅ ቀጥ ብሎ ተገትሯል፣ የሚሮጠው በጥቂቱ እንዲዝቅ ተጋድሟል፤ ያለዚያ ጫፉ ሥራውን ሁሉ ለብቻው ይዞት ይሰበራል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውድማ ላይ ስዞር ይህን አላየሁም። አንተ በአንድ ማታ አሳየኸኝ።

ከዚያ ጠጠሩን አነሳህ። «እዚህ ደጋ ላይ አየሩ እንደ ቀጠነ ጠላ ነው፤ ብዙ ካልተጠጣ አያሞቅም» አልክና አሳቅኸኝ። ለዚህ ነው ካፒቴኑ መድኃኒቱን ጭኖ ሲነሳ ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን እስከ ጥግ የሚያስጮኸው። በዚያች ቅጽበት ከፕሮፔለሩ በታች ትንሽ አውሎ ይነሳል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ወደ ላይ ይመጥጣል። ጠጠር ካገኘ ጠጠር። ከዚያ ጠጠሩ ምላጩን አይመታውም፤ ምላጩ ነው ሄዶ ጠጠሩን የሚመታው።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ ወዲያ ወስደህ፣ ሲያርፍ ጠጠሩ ምላጩ ላይ የተወውን ጭረት በጣቴ አስነካኸኝ። የምስር ፍሬ አታክልም። ይህ ነው ያስጨነቀህ ብዬ ሳቅሁ። አንተም «አባባ፣ ጨርቅ ነጋዴ አቡጀዲ ሲሸጥ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ይነካውና ከዚያ በእጁ ሸርር አድርጎ ይቀደዋል አይደል? ያችን ትንሽ ካልነካት ጎልማሳ ቢጎትተው አይቀደድም። ይቺ ጭረት የመቀሷ ናት» አልከኝ። መልሱ ሞረድ ነው። በምላጩ ርዝመት እንጂ በወርዱ ሳትሄድ ስለታሙን ጉድጓድ ለስላሳ ረባዳ ታደርገዋለህ፤ በጥፍርህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትዳስሰዋለህ፤ በመነጽር ታያለህ፤ ጥርጣሬ ካለህ ቀይ ፈሳሽ ቀብተህ ትጠርግና ነጭ ዱቄት ትነፋበታለህ፤ ስንጥቅ ካለ ቀዩ እንደ ደም ብቅ ይላል። ከአንዱ ምላጭ የተነሳው ብዙ ከሆነ ሌላውም ይታያል፤ ክብደታቸው ከተለያየ ሞተሩን አንቀጥቅጠው ይነቅሉታል። ይህን ሁሉ ነግረኸኝ «ጠጠሩ ግን ነገ ይጠረግ» አልክ። እኔም «ይጠረጋል» አልኩ።

እዚህ ላይ እጄ ደከመ። ትናንት እዚህ ጋ አቆምኩ፤ ዛሬ ቀጠልኩ።

አልተጠረገም። ልጠርገው ወጥቼ ነበር። በነጋታው በረራ የለም፤ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዷል፣ አንተም ከካፒቴኑ ጋር ስለ ነዳጁ ከተማ ገብታችኋል። አካፋዬን ይዤ ቆምኩ። የሦስት ቀበሌ ሰው ሁለት ቀን ያጋዘው ጠጠር ነው። እንዲነሳ ደቦ ልጥራ? «አውሮፕላን ምን እንደሚወድ እኔ አውቃለሁ» ያልኩት እኔ፣ ምንም እንደማላውቅ ላውጅ? መኩሪያ በየሠርጉ ሲያወራብኝ እንደሚኖር ታየኝ። ብቻዬን ደግሞ በሳምንትም አልጨርሰው። ከዚያ ብልሃት መጣልኝ። ከክምሩ ጭድ በአህያ አመጣሁ። ጠጠሩ ላይ በተንኩት፣ ውሃ ረጨሁት፣ ያኔ ቀዩ በሬ ነበረና ጥማዱን አምጥቼ ከጭቃው ጋር አስረገጥኩት። ጭቃና ጭድ ግድግዳ ያቆም የለም? ቤታችን የቆመው በዚያ አይደል? ጠጠሩን ይይዘዋል አልኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ከመሐንዲስ የበለጥኩ መስሎኝ ነበር።

ስትመለስ ጭዱን አይተህ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልክ። «ጠጠሩን ጠርጌ ሳበቃ ለጭቃው ነው» አልኩህ። ራስህን ነቅንቀህ እጄን ሳምከኝ። ሄደህ በጫማህ አንድ ጊዜ ብትጭረው ይበቃ ነበር። አልጫርከውም።

ለምን እንዳልጫርከው አውቃለሁ። በልጅነትህ አንድ ምሽት በሬው ታስሯል ብዬህ፣ አንተ ቀስ ብለህ ሄደህ ገመዱን ስትነካ አየሁህ። በአርጩሜ ገረፍኩህ። «የአባትህን ቃል ትፈትሻለህ?» ብዬ። በዚህ አገር የአባትን ቃል ተከትሎ የሚፈትሽ ልጅ እንዳልተወለደ ነው የሚቆጠር፤ እንደዚያ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ። በሬው እንደሆነ አልታሰረም ነበር።

ሦስት ቀን በረራችሁ። ማታ ማታ ሞረድህ ስትጮህ እሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተህ ፊት ለፊቴ ቆምክ፤ ቀና ብለህ አላየኸኝም። «አባባ፣ ጭረቱ አላቆመም። ጠጠሩ ተጠርጓል አይደል?» አልክ። ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቅኸኝ። እግዚአብሔር ለሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጥ፣ ልጄ፤ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ። እኔም «ያባቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ አንዲት ፍሬ የለም!» አልኩ። ዓይንህ በራ። ይቅርታ ጠየቅኸኝ፣ ይርጋ። አንተ እኔን!

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ጭቃውን አድርቃው ነበር። ካፒቴኑ ከጎማው ሥር ታኮው እንደተነሳ ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን አስጮኸ። የደረቀው ጭድ በአንድ ጊዜ በነነ፤ ወርቅ የመሰለ ደመና ሆኖ ተነሣ። ከሥሩ ጠጠሩ ጥርሱን አገጠጠ። አንተ አየኸው። ከዚያ ዞረህ እኔን አየኸኝ፤ ከአጥሩ አጠገብ ከእናትህ ጋር ቆሜያለሁ። ከዚያ ካፒቴኑ ሞተሩን እንዲያጠፋ ሁለት እጅህን እያጠላለፍክ ሮጥክ። ስትሮጥ ለእኔ አይቆምበትም ባልከኝ መስመር ገባህ። የምላጩ ጫፍ የተሰበረው ያኔ ነው። አንድ ስንዝር ብረት፣ በርሮ አንተን አገኘህ። እንደ ምስማር ጮኸ እንጂ ትልቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ከሁሉም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ራስህን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፤ «አባባ፣ የማንም ጥፋት አይደለም በሉልኝ» አልከኝ። ከዚያ አረፍክ።

ይህችን ቃልህን በለቅሶው ለመጣው ሁሉ ነገርኩ። አልቃሾቹ በግጥም አደረጓት። እናትህ በእሷ ነው እስከ ዛሬ የምትተነፍሰው።

መርማሪዎች መጥተው ጠጠሩን እየቆጠሩ ሳይቀር አዩት። እኛን ጠየቁን፤ የደቦው ሰው ሁሉ እኔን አየ፣ እኔ መሬት አየሁ፣ «ሜዳው ድሮም እንዲሁ ነው» አልን። ካፒቴኑ «መካኒኩ ጠጠሩ ተጠርጓል ብሎኛል፤ አለበለዚያ እዚያ ላይ ሞተር አላስጮህም» ቢል ማን ይመስክርለት? መካኒኩ ሞቷል። በሞተ ሰው አላከከ ተባለ። እስኪጣራ ተብሎ ከበረራ ታገደ፤ ሲጣራም ይኸው ዓመት አለፈ። ለሙት ዓመትህ ከሩቅ ድረስ መጥቶ ነበር። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። እናትህ ከለቀስተኛው መሃል ተነሥታ «ሞተሩ በማን እጅ ነበር? አንተ ልጄን ቆርጠህ እንጀራዬን ልትበላ መጣህ?» አለችው። ጎንበስ ብሎ መሬት ስሞ ሄደ። እኔ ንፍሮውን እያዞርኩ ነበር። ንፍሮውን ማዞሬን ቀጠልኩ።

እንግዲህ ወደ ደብተርህ ልምጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ለማንበብ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። የጻፍከው አንድ መስመር ነው፦ «በዓይንህ ያላየኸውን አትጻፍ።» ሥራችሁ ይህ ነው ማለት ነው። ሞረድ የነካው ሁሉ፣ ግራሶ የተቀባው ሁሉ፣ የጠበቀው ቡሎን ሁሉ ይጻፋል፤ ያየ ሰው ይጽፋል፣ የጻፈ ሰው ይፈርማል። ቀጥሎ ያለውን በየቀኑ አንድ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ፣ ለእናትህ ሳነብላት ከረምኩ። የግራው ምላጭ ጫፍ፣ የቀኙ ምላጭ መሃል፣ ይህን ያህል ተሞረደ፣ ለስልሷል፣ ቀለም ተቀብቷል። እናትህ አንዷም አትገባትም ነበር፤ ግን ጸሎት እንደሚደገምላት ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «ጎበዝ ልጄ፣ ለስልሷል አለ?» ትለኛለች። «ለስልሷል ይላል» እላታለሁ። እሷ ሳታውቅ የመጨረሻውን ገጽ ለብቻዬ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ ከነነጥቡ ነው የገለበጥኩት፦

«ዛሬም በሁለቱም ምላጭ ጭረት አለ። ጠጠሩ ስለተጠረገ የመጀመሪያው ቀን ጉዳት ቅሪት ነው ብዬ ወስጃለሁ፤ በቀዩ ፈሳሽ ሳልመረምር ነገ ይብረር። ለካፒቴኑም ጠጠሩ መጠረጉን ነግሬዋለሁ። በዓይኔ አላየሁም። አባባ አረጋግጠዋል።»

ከሥሩ ፈርመሃል።

በሕይወትህ አንድ ጊዜ ብቻ በዓይንህ ያላየኸውን ጻፍክ። የእኔን ቃል።

ከሁለት ወር በላይ ያችን ገጽ ዘለልኳት። እናትህ «ጨረስን?» ስትለኝ ከመጀመሪያው እጀምርላት ነበር፤ አታውቅብኝም ብዬ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግን ጣቷን የመጨረሻው ገጽ ላይ አሳረፈችው። «ይቺን አንብበህልኝ አታውቅም። እዚህ ጋ ቀለሙ ጠቁሯል፤ ተጭኖ ነው የጻፈው» አለችኝ። ፊደል የማታውቀዋ እናትህ! ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ቀልድ አልመጣም። አነበብኩላት። ሲያልቅ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ከዚያ ጭዱን፣ ውሃውን፣ በሬዎቹን፣ ያባቴን አጥንት፣ ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ እመርጥ ነበር። ተነሣች፤ ቅርጫቷን አነሣች፤ ወጣች። ስከተላት ሜዳው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ጠጠር ትለቅማለች። አንድ በአንድ፤ እንደ ምስር። ነጠላዋን አደግድጋ። እኔም በማዶ ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። እስኪመሽ ለቀምን። በማግስቱም ወጣች፤ በማግስቱም። ይኸው አራተኛ ሳምንታችን ነው። ምግቤን ታቀርባለች፣ ውሃ ታስታጥበኛለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። ወደ ወላጆቿ አገር እሄዳለሁ ብትል አልከለክላትም፤ አላለችም። ስትለቅም ብቻ ነው አብረን ያለን።

በሁለተኛው ሳምንት መኩሪያ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ። «አያሌው፣ የጠፋብህ ወርቅ ነው? ፊደል ነው?» አለኝ። ቀና ብዬ የሆነውን ነገር በሙሉ ነገርኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ። በየሠርጉ ይቀልድብኛል ብዬ አንተን የገበርኩለት ሰው፣ አጥሩን ተሻገረና ከጎኔ ተንበርክኮ መልቀም ያዘ። ያን ቀን ሙሉ አንድም ቀልድ አልወጣውም። አሁን ከደቦው ሰው የማይመጣ የለም። ግማሹ ይሰድበኛል፤ እየሰደበኝ ይለቅማል።

ለመሥሪያ ቤቱም ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው፤ መምህርቷ ልታርምልኝ ወስዳ አንብባው፣ አንዲት ፊደል ሳትነካ መለሰችልኝ። ጠጠሩን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ተጠርጓል ብዬ ለልጄ የማልኩት እኔ ነኝ፣ አብራሪው እውነቱን ነው አልኩ። የደብተርህን የመጨረሻ ገጽ አብሬ ላክሁ። እናትህ ናት በእጇ የቀደደችው፤ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ነክታ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የሚጠይቀኝ ከመጣ ቤቴን ያውቁታል።

አንተን አልረሳህም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ጉራ ሲበዛብኝ የኖርኩ ነኝና ቃሌን ማንም አይመንልኝ። ስለዚህ በአፌ ሳይሆን በሥራዬ ልማልልህ። ከጠጠሮቹ አንዷን ደብተሬ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ በጻፍኩ ቁጥር ወረቀቱን የምትይዝልኝ እሷ ናት። እጄ ፊደል እስከጻፈ ድረስ በዓይኔ ያላየሁትን፣ በጆሮዬ ያልሰማሁትን አልጽፍም። ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ እንዳንተው ነው፤ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን እፈርማለሁ።

ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት አንዲት ነገር ላርም። ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ጭዱም፣ መሐላውም፣ ንፍሮውም። አንዷ ብቻ የእኔ ፈጠራ ናት። «የማንም ጥፋት አይደለም በሉልኝ» አላልከኝም። ራስህን ጭኔ ላይ ሳደርገው ምንም አላልክም፤ ከንፈርህም አልተንቀሳቀሰም። የመጨረሻው ነገርህ ያቺ ዞር ብለህ ያየኸኝ ናት። ቃሏን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ እዚያው ሜዳው ላይ፣ ደምህ ሳይደርቅ፣ እናትህ እየሮጠች ስትመጣ። ይህችን ለእናትህ ገና አልነገርኳትም። ነገ ቅርጫቷን ስታነሣ እነግራታለሁ።

አባትህ አያሌው
(ፈርሜያለሁ)